ሳል ይዞ ሲቆይ፦ ስለ ሳንባና አየር ቧንቧ ምርመራ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጤና ጣቢያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ተብለው ነው። ብዙ ሰው «ቆየት ብሏል» ብሎ ያልፈዋል። ቆየት ማለት ለአንዱ አምስት ቀን ነው፣ ለሌላው ሁለት ወር፤ የሚታዘዘው ምርመራ ደግሞ በዚሁ ቁጥር ይወሰናል። ቀኑን ማስታወስ ካስቸገረ በበዓልና በገበያ ይቁጠሩት። ከጥምቀት በፊት ነበረ? ሁዳዴ ሲያዝ ጀመረ? ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ ገበያ ወጡ?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ለሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ለቲቢ፣ አክታ እንዲመረመር ይደረጋል። የተለመደ አሠራር ስለሆነ «ጠረጠሩኝ» ተብሎ ቅር የሚሰኙበት ነገር የለውም። በጥቂት ቀን ውስጥ ከትኩሳትና ሲተነፍሱ ከሚወጋ ሕመም ጋር የመጣ ሳል ሳንባ ምችን ያሳስባል። ዓመት ከዓመት እየሄደ የሚመለስ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ አውድማ ላይ ጤፍ ሲወቃና እብቅ ሲነሳ የሚብስ ከሆነ ወደ አስም ያመለክታል።

እናቶች ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ይቀራል። «ታጨሻለሽ?» ይባላሉ፣ «ኧረ እኔ!» ይላሉ፣ ካርዱ ላይ «አታጨስም» ተብሎ ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋግሩ፣ አረቄ ሲያወጡ፣ ኩበት ሲያነዱ የሳቡት ጭስ ግን የትም አይሰፍርም። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ጠዋት ጠዋት አክታ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ሲጋራ ሳይነኩም የአየር ቧንቧቸው ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይጠየቁም «ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ጭስ መውጫ ባለው ቤት ነው ወይስ በሌለው» ብለው ይናገሩ። በአዊ በኩል ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ አክስሎ የሚያድርም እንዲሁ ሥራውን ይናገር።

የሚወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅና አሰልቺ ሳል ያመጣል። ሐኪሙ በሌላ ሲቀይረው ሳሉ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይተዋል፤ በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ግፊቱን ያስነሳል። ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የጀመሩትንም አይደብቁ። ሌቮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ የቲቢን ጀርም ለጊዜው ያደክሙታል፤ ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል፣ ምርመራውም ይዘገያል።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር። በእኛ አገር «ምች መታኝ» ሲባል ከንፈር ላይ ከወጣው ቁስል ጀምሮ በዳማከሴ እስከሚታሽ ትኩሳት ድረስ ብዙ ነገር ማለት ነው። «ሳንባ ምች» ግን የሳንባ ኢንፌክሽን ነው። «ብርድ ነው»፣ «ውጋት ነው» ብለው ስም ከሚሰጡት የሚሰማዎትን ይንገሩ፦ ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል፣ ሌሊት ልብሴ በላብ ይርሳል፣ መቀነቴ ሰፋኝ። የመጨረሻው ክብደት መቀነስ ነው፤ ሚዛን የሌለበት ቤት መቀነትና ቀበቶ ይናገራሉ።

አክታ እንዴት ነው የሚሰጠው?

ብዙ ጊዜ ምርመራውን የሚያበላሸው አክታ ተብሎ ምራቅ መሰጠቱ ነው። ምራቅ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ አረፋ ያለው ነው። አክታ ወፍራም ነው፣ ይዝለገለጋል፣ ነጭ ወይም ቢጫ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ከደረት የወጣው ነው፣ መጠኑም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል።

ጥሩው የማለዳው ነው፤ ሌሊቱን ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ስላደረ። ከመኝታ እንደተነሱ ምንም ሳይበሉ አፍዎን በንጹሕ ውሃ ብቻ ተጉመጥመጡ። ከቤት ውጡ፤ ሰው በሌለበት፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን፣ በተለይ ሕፃናት አጠገብ አይሁን። ሁለት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሱና ጥቂት ይዛችሁ ልቀቁ፤ በሦስተኛው ሳብ አድርጋችሁ ከሆድ አስሉ። የወጣውን ቀጥታ ዕቃው ውስጥ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቁ። ካልወጣ ጥቂት አርፎ መድገም ነው፤ ለማሟላት ብሎ ምራቅ መጨመር አይጠቅምም። ስም የሚጻፈው በዕቃው ጎን ላይ ነው። ክዳን ላይ ከተጻፈ ላቦራቶሪ ውስጥ ክዳኖች ሲከፈቱ የማን አክታ የማን እንደሆነ ሊጠፋ ይችላል።

በዚያው ቀን ይድረስ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይያዝ፤ ከአህያ ጭነት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አክታ ዋጋው ይቀንሳል። ደም ቢኖርበትም አይጣል፣ እንዲያውም ይነገር።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የቲቢን ጀርም የዘር ቅንጣት ፈልጎ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይመልሳል፤ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት ይቋቋም እንደሆነም አብሮ ይናገራል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙናው ወደ ሌላ ስለሚላክ ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ መቼ እንደሚመጣ ጠይቀው ይውጡ። አክታ ማውጣት የማይችል ሕፃን ደግሞ ከሰገራው መመርመር ይቻላል። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም፣ መጠየቅ አይከፋም።

ቲቢ ከሆነ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። መድኃኒት ለሚሰማው የሳንባ ቲቢ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንት ወደ ብርቱካንማ ቀይ ቢቀየር ከሪፋምፒሲን የመጣ ነው፣ ደም አይደለም። ጠበል መግባትና መድኃኒት መዋጥ አይጣሉም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ጠበል ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው፣ ያኔ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊከተል ይችላል። ቤት ውስጥ አብረው የሚያድሩ ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት ከአምስት ዓመት በታች ያሉት፣ ይመርመሩ።

ራጅ ከተነሳሁ አክታ ምን ያደርጋል?

ራጅ የሚያሳየው ጥላ ነው። ሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ዕጢ፣ ከዓመታት በፊት የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ አንዳንዴ አንድ ዓይነት ጥላ ይጥላሉ። ጀርሙን ለይቶ የሚናገረው አክታው ነው። በተቃራኒው ራጁ ንጹሕ ቢሆንም አስም የለም ማለት አይደለም፤ አስም በራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም።

ራጅ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገሮች ውጤት ያሳስታሉ። አንዱ ሹሩባ ነው። ወደ ትከሻ የወረደ ወፍራም ጉንጉን የሳንባ ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ቲቢ የሚወደው ቦታ ደግሞ ያው ጫፍ ነው። ጸጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ማሰር ይበቃል። ሁለተኛው አንገት ላይ ያለ ብረት ነው፦ የማተብ መስቀል፣ ክታብ፣ ሐብል። ወደ ጀርባ ማዞሩ ዋጋ የለውም፣ ጨረሩ አልፎ ያሳየዋል። ማተቡን መበጠስም አያስፈልግም፤ መስቀሉ ከአገጭ በላይ ከፍ ተደርጎ ይያዝ። «አየር ሳቡና ያዙ» ሲባል እስከ መጨረሻው መሳብ ነው፤ በግማሽ የተሳበ ትንፋሽ ጤነኛውን ሳንባ የታመመ ያስመስለዋል። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ከመነሳት በፊት ይነገር።

«ንፉ» የሚባለው ምርመራ

ለአስምና ለጠበበ የአየር ቧንቧ ዋናው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም ቱቦ ውስጥ ተነፍቶ የሚወጣው አየር የሚለካበት፣ ነው። በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ለሱ ብዙ ጊዜ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይላካሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ግን የአክታው ውጤት ይቅደም፤ ቲቢ ያለበት ሰው አፉን አድርጎ የሚነፋበት መሣሪያ ለሌላውም ያሰጋል።

ሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን አየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ የሚጠቀሙ ከሆነ ከምርመራው በፊት ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይወስዱ ይቆዩ፤ ካፈነዎት ግን ወስደው ሰዓቱን ይንገሩ። ጠግቦ አይገባም። መቀነት ይፈታ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ወገብ ላይ ደጋግሞ የተጠመጠመ መቀነት ድያፍራም የተባለው ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ እንዳይወርድ ይይዛል፣ የሚሳበው አየርም ይጎድላል። ከዚያ አፍንጫ ይቆነጠጣል፣ ከንፈር ቱቦው ላይ ግጥም ይላል፣ አየር እስከ አፍ ይሞላና በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ይወጣል። ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ ማለት አይበቃም፤ ስድስት ሰከንድ ያህል፣ ምንም የቀረ እስከማይመስል መግፋት ነው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ ሁለቱ ምርጥ ንፋቶች መቀራረብ አለባቸው። ቀስ ብሎ መጀመር፣ መሐል ላይ ማሳል፣ በከንፈር ዳር አየር ማምለጥ፦ ውድቅ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

ቀጥሎ አራት ጊዜ ሳልቡታሞል ተስቦ 15 ደቂቃ ይጠበቅና እንደገና ይነፋል። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ ወደ አስም ያዘነብላል። ከመድኃኒቱ በኋላም የመጀመሪያው ሰከንድ አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከቀረ የአየር ቧንቧው በቋሚነት ጠብቧል ማለት ነው፤ የጭስና የሲጋራ ጉዳት እንዲህ ነው። አስም ሄድ መለስ ስለሚል ደህና ቀን ላይ የተገኘ ጥሩ ውጤት አስምን አያስቀርም።

ፓፍ ታዝዞ «አልሠራልኝም» የሚል ብዙ ነው፤ ሲታይ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ቀርቷል። ለልጅና ለአዛውንት ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል። ታችኛውን በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ ይብሱ፣ ፓፉን ያስገቡ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ፤ ጨርቅ ሲነካው መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፓፉን ነቅንቆ አንድ ጊዜ መጫን፣ በጠርሙሱ አንገት አምስት ጊዜ በቀስታ መተንፈስ፣ ቀጣዩ ፓፍ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ በኋላ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቦ መጫን ማባከን ነው። ቤክሎሜታዞን የተባለው ፓፍ የታዘዘለት ከሳበ በኋላ አፉን ተጉመጥሙጦ ይትፋ፣ አለዚያ አፉ ነጭ ያወጣል።

ልጄ ሲተነፍስ ይፈጥናል

ይቆጠራል። ልብሱን ከፍ አድርገው ሆዱና ደረቱ ሲነሳ ይቁጠሩ፣ በስልክ ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ። እያለቀሰ ወይም እየጠባ የተቆጠረ አይሠራም። ከሁለት ወር በታች 60 እና በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ዛሬውኑ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የደነዘዘ፣ ወይም ዝም ብሎ ሳለ ትንፋሽ ሲስብ ሻካራ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ መቁጠሩን ትቶ መሮጥ ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ሳል አያድንም። እንጥል ጤነኛ አካል ነው፤ ምላጩ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሳንባ ምች ከሆነም ሕክምናው የሚጀመርበትን ቀን ይበላል። ማር ለሳል ደህና ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም።

ደህና የነበረ ልጅ በድንገት አንቆት፣ አስሎ፣ ከዚያ «ተወው» ከተባለ በኋላ ሳሉ በቀጠለ ጊዜ በእጁ ምን ይዞ እንደነበር ያስታውሱ። ሽምብራ፣ በቆሎ፣ ቆሎ አየር ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰፋና ቀጥ ብሎ በሚወርደው የቀኝ ቅርንጫፍ ነው። እህል በራጅ አይታይም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ መመለስ የለበትም።

ሌላው ረቂቅ ነገር አልቅት ነው። ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ወይም ኩሬ በአፉ ተደፍቶ የጠጣ እረኛ ከቀናት በኋላ ደም ቢተፋ፣ ድምፁ ቢጎረንን፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ነገር ይንቀሳቀሳል ቢል ውሃውን ከየት እንደጠጣ ለሐኪሙ ይነገር። ካልተነገረ ሁሉም ቲቢ ሲፈልግ ይውላል። የትምባሆ ውሃ ማንጠባጠብ ልጁን ሊመርዝ፣ አልቅቱንም ወደ ታች ሊጥለው ይችላል፤ በመሣሪያ እያዩ በመቆንጠጫ ማውጣት ነው መፍትሔው። እንቅርት ያለበትና ሁለት እጁን ወደ ላይ አንድ ደቂቃ ሲያነሳ ፊቱ የሚቀላ፣ የሚታፈን ሰውም አስም ነው ተብሎ ፓፍ ብቻ አይሰጠው፤ እንቅርቱ ቧንቧውን ወይም የአንገቱን ደም ሥር ተጭኖ ይሆናል።

ጣት ላይ የምትቆነጠጠው መሣሪያ

የደም ኦክስጅንን ትለካለች። እጅ ከቀዘቀዘ ትሳሳታለች፤ አሹት፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ቀለም በሌለው ጣት ይለካ። ከ90 በታች ኦክስጅን የሚያስፈልገው ነው። ጮቄ ተዳፋት ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው ከባሕር ዳሩ ጥቂት ዝቅ ቢል አያስገርምም። በሯ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ግን ቁጥሩ 98 ቢያሳይም አይታመን፤ መሣሪያዋ የከሰሉን መርዝ ከኦክስጅን አትለይም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደንዘዝ ካለ ወደ አየር አውጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ማድረስ ነው።

ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚላክ ሰው የጤና መድን ካለው የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ሳይዝ አይሂድ፤ ያለዚያ ወጪው በራሱ ሊሆን ይችላል። የቆየ ራጅ ካለ አብሮ ይሂድ፣ ሳይታጠፍ፣ ክረምት ከሆነ በፌስታል ተጠቅልሎ። ዛሬ የታየው ጥላ አምናም እዚያው ከነበረ ሐኪሙ ጠባሳ መሆኑን በቀላሉ ያውቃል፣ ሌላ ምርመራም ያስቀራል።