አየሩ ከገጹ የት ላይ እንደሚላቀቅ በኤክሴል ማስላት

አዳማ ኮረብታዎች ላይ እንደሚዞሩት የንፋስ ተርባይኖች ዓይነት ክንፍ ላይ፣ አየሩ ገጹን የሚለቅበትን ቦታ ለመገመት ትልቅ ሶፍትዌር የግድ አይደለም። ባውንደሪ ሌየሩ (ገጹን ታክኮ የሚፈሰው ቀጭን የአየር ንብርብር) ላሚናር፣ ማለትም ሳይበጠበጥ የሚፈስ፣ እስከሆነ ድረስ ትዌይትስ የተባለ ተመራማሪ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ በአራት ዓምድ ያልቃል።

1ኛው ዓምድ አየሩ ክንፉን ፊት ለፊት ከሚመታበት ነጥብ ጀምሮ የገጹን ጥምዝ ተከትሎ የተለካ ርቀት ነው። 2ኛው ከባውንደሪ ሌየሩ ውጭ ያለው ፍጥነት። ለ3ኛው የፍጥነቱን 5ኛ ፓወር ከመነሻው ጀምሮ ኢንተግሬት አድርጉ፤ በ0.45ና በኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (የአየሩ ውስጣዊ ሰበቃ ለእፍጋቱ ተካፍሎ) አባዙና ለፍጥነቱ 6ኛ ፓወር አካፍሉ። የሞመንተም ውፍረት (ባውንደሪ ሌየሩ ውስጥ የጎደለውን ሞመንተም በርዝመት የሚገልጽ ልክ) ስኩዌር ይህ ነው። እሱን በፍጥነቱ ስሎፕ (ፍጥነቱ ከርቀቱ ጋር በሚለወጥበት መጠን) አባዝታችሁ ለቪስኮሲቲ ስታካፍሉ 4ኛው ዓምድ፣ ላምዳ፣ ይወጣል። ላምዳ −0.09 የደረሰበት ቦታ መላቀቂያው ነው።

አፍንጫው ድቡልቡል ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ዜሮ ለዜሮ ይሆንና ኤክሴል ስህተት ይሰጣል፤ እዚያ ላምዳን 0.075 ብላችሁ በእጅ አስገቡ። ሠንጠረዡን ለመፈተሽ ከ10 ሜትር በሰከንድ ተነስቶ በ1 ሜትር ውስጥ በቀጥታ መስመር ወደ ዜሮ የሚወርድ ፍጥነት ስጡት። 0.123 ሜትር ላይ መላቀቅ አለበት፤ ትክክለኛው መልስ 0.120 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው 2ኛው ዓምድ ላይ ነው። ለክብ ሲሊንደር የመማሪያ መጽሐፉን ቪስኮሲቲ አልባ ፍጥነት ካስገባችሁ መላቀቂያው አየሩ ፊት ለፊት ከሚመታበት ነጥብ ሲለካ 103 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል፤ በተግባር ግን ላሚናር ፍሰት 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለቃል። ዘዴው አልተሳሳተም። የተላቀቀው አየር ከኋላ ሰፊ ሽክርክሪት ፈጥሮ የፊቱን ግፊት ጭምር ስለሚቀይር ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ ከተለካ ግፊት የወጣ ፍጥነት ተጠቀሙ። ከተለካው ደግሞ ጥሬውን እንዳለ ስሎፕ አታውጡ፤ ትንሽ መንቀጥቀጥ ስሎፑን ያበላሸዋል፣ ላምዳም ያለቦታው −0.09ን ይሻገራል። መጀመሪያ ለስላሳ ኩርባ አስገቡበት።

አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቪስኮሲቲው 1.85×10⁻⁵ ስኩዌር ሜትር በሰከንድ ያህል ነው፤ የባሕር ጠለል ሠንጠረዥ 1.5×10⁻⁵ ይላል። ላምዳ ውስጥ ቪስኮሲቲው ተጣፍቶ ስለሚወጣ ላሚናር መላቀቂያው ከቦታው አይነቃነቅም። የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነት በርዝመት ተባዝቶ ለቪስኮሲቲ ሲካፈል) ግን በ5ኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ፍሰቱ ተርቡለንት (የተበጠበጠ) የሚሆንበትም ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ተርቡለንት ከሆነ በኋላ −0.09 አይሠራም። ሄድ (Head) የተባለ ተመራማሪ ለተርቡለንት ፍሰት ያወጣውን ዘዴ ይዛችሁ የቅርጽ ፋክተሩን (የባውንደሪ ሌየሩን የፍጥነት ቅርጽ በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን) ተከታተሉ፤ ከ1.8 ካለፈ ተጠንቀቁ፣ 2.4 ላይ ለቋል በሉ። ከዚያ 3 ሳንቲሜትር የሱፍ ክሮች ገጹ ላይ በፕላስተር ደርድሩ፦ ፍሰቱ የያዘበት ላይ ክሩ ተኝቶ ይቆያል፣ የለቀቀበት ላይ ይንቀጠቀጣል ወይም ወደ ፊት ይገለበጣል።