ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ የፖሊሲ አማካሪ ሆናችሁ ከተመደባችሁ

ሰው ሁሉ የአማካሪ ሥራ ምንድነው፣ ከየት ይጀመራል እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልፃፈውና ልገላገል። አማካሪ ሲባል ሰፊ ቢሮ፣ ሹፌርና ስብሰባ ይመስላችኋል አይደል፣ ስብሰባው እውነት ነው። ዋናው ሥራ ግን አለቃችሁ ያልገባቸው ነገር ላይ እንዳይፈርሙ ማድረግ ነው፣ በቃ።

ገና ስትገቡ አዋጅ ለማርቀቅ አትቸኩሉ። እኛ ጋ ችግር ሲነሳ የመጀመሪያው መልስ "ሕጉ ይሻሻል" ነው። በምሳሌ ልንገራችሁ፣ የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ የተያዘው ሰው ታስሮ እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ቀን) መብዛት ላይ ሐሳብ አቅርቡ ተብሎ ወደናንተ ተመራ እንበል። ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀፅ 59 ደሞ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ይላል፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ግን ዝም ነው ያለው። ስለዚ 14 ላይ 14፣ እንደገና 14። አዲስ አማካሪ እዚች ጋ ሲደርስ "ጣራ ይቀመጥለት" ብሎ ድራፍት ይከፍታል። ቆይ ረጋ በሉ! ጣራ ከዚህ በፊትም አይተናል እኮ፣ የ2001 ዓ.ም የፀረ ሽብር አዋጅ አንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ ጠቅላላው ከ4 ወር እንዳያልፍ ብሎ ነበር (በ2012 ነው በሌላ አዋጅ የተተካው)፣ እና ጣራ ስታስቀምጡ ጣራው ድረስ መሄድ የተፈቀደለት የሚመስለው መርማሪ መኖሩን አትርሱ።

ከድራፍቱ በፊት ጠዋት ተነሱና አዲስ አበባ ውስጥ አራዳ ወይ ልደታ ምድብ ችሎት ሂዳችሁ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ባጅ አያስፈልግም፣ ማንም እንዳያውቃችሁ። ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ የሚለውን ማስታወሻችሁ ላይ ቁጠሩ፦ ቀሪ ምስክር አለኝ፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልኝም፣ ግብረ አበር አልያዝኩም። ለሁለት ሳምንት ከቆጠራችሁ በኋላ አብዛኛው "የቴክኒክ ማስረጃ" ከሆነ ችግሩ ላብራቶሪው ጋ ነው፣ ምስክር ከሆነ ደሞ የመርማሪ ቁጥርና የመኪና ጉዳይ ነው። አዋጅ መኪና አይገዛም። ይሄን ይዛችሁ ስትመለሱ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የማያውቀውን ነገር ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ሕጉን አንብቦታል ችሎቱን ግን ያየው የለም።

ቀጥሎ ማን ምን በእጁ እንዳለ ለዩ። በ2008 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተብሎ በ2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴርነት የተመለሰው መሥሪያ ቤት የፖሊስ በጀት በእጁ የለም፣ ዳኛን ማዘዝማ ጭራሽ አይታሰብም። የወንጀል ሕጉ የፌደራል ነው ግን ክልሎች የራሳቸው ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና ማረሚያ ቤት አላቸው፣ ስለዚ ባህር ዳርና ሐዋሳ ያሉ የፍትሕ ቢሮ ሰዎች ሳይደወልላቸው የተፃፈ ሐሳብ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ነው የሚያምረው።

አሁን ሜሞው፣ ማለትም ለአለቃችሁ ውሳኔ የምታቀርቡት ጽሑፍ። የመጀመሪያዬ 23 ገፅ ነበር፣ የሕንድ ተሞክሮ የኬንያ ተሞክሮ ምናምን ሁሉ አስገብቼበት፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "እና ምን ላድርግ?" ተብሎ ተመለሰልኝ። ከዛ ወዲህ ከሁለት ገፅ አልፌ አላውቅም። አንደኛው አንቀፅ የሚወሰነው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከዛ ሦስት አማራጭ (አንዱ ሁሌም "እንዳለ ይቀጥል" ይሁን፣ ምክንያቱም እሱም ውሳኔ ነው)፣ ለእያንዳንዱ ማን ይጎዳል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይቃወማል፣ መጨረሻ ላይ የናንተ ምርጫ። ምርጫውን "እኔ 2ኛውን እመክራለሁ" ብላችሁ ፃፉት። "ቢደረግ መልካም ነው"፣ "ተጠናክሮ ሊቀጥል ይገባል" የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ባለቤት የላቸውም፣ ባለቤት የሌለውን ሐሳብ ደሞ ማንም አይፈርምበትም።

መሣሪያውንም ምረጡ፣ ሐሳባችሁ በአዋጅ ይውጣ ወይስ በመመሪያ። ብዙ ነገር መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሚያወጣው መመሪያ ያልቃል፣ ግን በ2012 የወጣውን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183ን ሳታነቡ መመሪያ አትንኩ፣ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት፣ ፀድቆም ፍትሕ ሚኒስቴር ጋ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። አዋጅ ከሆነ ሐተታ ዘምክንያቱን (ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳውን ጽሑፍ) ራሳችሁ ፃፉት፣ ለጀማሪ ባለሙያ አትተዉት፣ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ አባላት መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው። ካላንደሩንም ያዙ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በጀት ደሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ብር የሚፈልግ ሐሳብ ሰኔ ላይ ይዞ መምጣት ዓመት ማቃጠል ነው።

የግብዓት መድረክ (ረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰበሰብበት ስብሰባ) ይኖራል፣ አዳማ ወይ ቢሾፍቱ፣ ሆቴል ውስጥ። የመጀመሪያው ሰዓት በመክፈቻ ንግግር ያልቃል፣ ከዛ አለቆች ይናገራሉ። እናንተ ሻይ ሰዓት ላይ የማረሚያ ቤቱን ሰውዬና የመዝገብ ቤቷን ልጅ ፈልጉ፣ እውነቱ እነሱ ጋ ነው ያለው፣ መድረክ ላይ ግን አይናገሩም። የተሰጠውን አስተያየት ሁሉ ሠንጠረዥ ላይ አስገቡ፣ ተቀበልነው አልተቀበልነውም፣ ለምን። ከስድስት ወር በኋላ "አልተማከርንም" የሚል መምጣቱ አይቀርም። አማራጭ አስቀምጦ ማወያየት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ በጥር 2015 ለውይይት የቀረበውን የሽግግር ፍትሕ የፖሊሲ አማራጮች ሰነድ አንብቡ፣ ፖሊሲው ሚኒስትሮች ምክር ቤት የፀደቀው ሚያዝያ 2016 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው አማራጭ እንዳለፈ የትኛው እንደቀረ ምልክት አድርጉ፣ ከማንኛውም ሥልጠና ይሻላል።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ደሞ ስልኩ ነው። እንደተመደባችሁ ከተሰማ ጎረቤት፣ የእናታችሁ የማኅበር ጓደኛ፣ የድሮ ክላስሜት፣ "ልጄ ታስሮብኛል አንድ ቃል ተናገርልኝ" ይላል። ያሳዝናል፣ አንዳንዴም እውነታቸውን ነው። ግን በአንድ መዝገብ አንዴ ለዳኛ ወይ ለዐቃቤ ሕግ ከደወላችሁ ስለ ዳኝነት ነፃነት የፃፋችሁት ሁሉ ቀልድ ሆነ። እኔ የምላቸው፣ "እማማ፣ ለዳኛ መደወል አልችልም፣ ጠበቃ መቅጠር ካቃታችሁ ግን ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ፣ ብር አይከፈልበትም።" አንዳንዶቹ አኩርፈውኛል።

ከአለቃችሁ ጋር ካልተስማማችሁ አንዴ በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ቀኑን ፃፉበት፣ ኮፒውን ያዙ። ከዛ ውሳኔው ሕግ የሚጥስ እስካልሆነ ድረስ ሥሩት፣ ኮሪደር ላይ ማማት የለም።

ነጋሪት ጋዜጣው ሲወጣ ደሞ ሥራው አልቋል ብላችሁ እንዳትተኙ። የታተመውን ከመጨረሻ ረቂቃችሁ ጋር ቃል በቃል አመሳክሩት፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የሚፀናው አማርኛው ስለሆነ ከሱ ጀምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ለማሻሻያ ዙር የሄደ ረቂቅ ላይ "እና" የነበረው "ወይም" ሆኖ ተመልሶ አግኝቼዋለሁ፣ ማን እንደቀየረው እስካሁን አልታወቀም፣ ደግነቱ ሳይታተም ደረስኩበት።