ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ሒሳቡ ሳይመጣ ሒሳቡን ማወቅ

ሜኑ ሲሰጥዎ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ግርጌ ይዩ። «ዋጋው ሰርቪስና ቫት አይጨምርም» የሚለው በደቃቅ ፊደል የሚደበቀው እዚያ ነው። 400 ብር የተባለ ጥብስ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲታከልበት 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 506 ይሆናል። በደፈናው 25 በመቶ ብለው 500 ከያዙ 6 ብር ያጥርዎታል። ቫት የጠየቀ ቤት ቲን ቁጥር ያለበት የማሽን ደረሰኝ ይስጥ፤ በእጅ የተጫረች ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ አይደለችም።

ሥጋ በኪሎ ሲያዝዙ ማስጠበሻውና እንጀራው ለብቻ ይታሰብ እንደሆነ ከመመዘኑ በፊት ይጠይቁ። ከተጠበሰ ወዲያ ማን ይሰማዎታል?

መናኸሪያ ላይ ታሪፉን አይተው ይሳፈሩ። ጣጣው ጭነቱ ነው፦ ጆንያው ፖርቶመጋላ ላይ ሳይወጣ ከረዳቱ ጋር ዋጋውን ይቁረጡ። ጣርማ በርን ካለፉ በኋላ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው።