ስፒከራችሁ የሚያጉረመርመው ከየት ነው?

ሙዚቃውን አቁማችኋል። ስፒከሩ ግን አላቆመም። ከውስጡ እምምም የሚል ነገር ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል፤ ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ሰሪ ጋ ይወስደዋል። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ድምፅና የማስታወቂያ ንባብ ቤቴ ውስጥ እያስተካከልኩ ነው የምኖረው። እስካሁን እንዳየሁት፣ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ የጠረጴዛ ስፒከር ሲያጉረመርም ጥፋቱ የራሱ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ።

መጀመሪያ በደንብ ስሙት። ወፍራምና የማይቋረጥ እምምም ከሆነ ከመብራት የመጣ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው 50 ላይ ወይም እጥፉ 100 ላይ ይቀመጣል። ማውስ ስታንቀሳቅሱ ወይም ፋይል ስትገለብጡ የሚለዋወጥ ቀጭን ጭርጭርታ ከኮምፒውተሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ በኩል ይገባል። ትትት ትትት ብሎ ወዲያው ስልካችሁ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ከጠረጴዛው አንሱት። 2ጂ ኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሚልክ ስፒከሩ ያንን ይይዘዋል። የእሱ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

ቀጥሎ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉና ከስፒከሩ ጀርባ የድምፅ ኬብሉን ንቀሉ። የመብራቱን ገመድ ተዉት። አሁን ቮልዩሙን ቀስ ብላችሁ መልሱት። ዝም ካለ ስፒከራችሁ ጤነኛ ነው፤ ጉዱ የሚመጣው በኬብሉ በኩል ነው። አሁንም ካጉረመረመ ከሶኬቱ ወይም ከራሱ ከስፒከሩ ነው ማለት ነው። ጆሯችሁን ከፊት ሳይሆን ከጀርባው አስጠጉ፤ ድምፁ ከሳጥኑ የሚወጣ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኬብሉን ከኮምፒውተሩ በኩል ነቅላችሁ ጫፉን አየር ላይ እንዳትተዉት። እንደ አንቴና ሆኖ የባሰ ይጮህና ያሳስታችኋል።

እኛ ብሎክ ላይ ቢት የሚሰራ ልጅ አለ። አንድ ቀን በራፌ ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ ስፒከሩ አልቆለታል፤ የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?» አለኝ። ቤቱ ሄድን። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነው፣ ኦክስ ኬብል ከላፕቶፑ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። «እስቲ ቻርጀሩን ንቀለው የኔ ልጅ» አልኩት። ነቀለው። ጸጥ አለ። መልሶ ሰካው፤ እምምም። «በቻርጀር ነው እንዴ?» ብሎ ደጋግሞ ነቀለ፣ ሰካ። ከዚያ የላፕቶፑን ብረት ሲነካው ጉርምርምታው ቀነሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ስትነኩት የሚቀንስ ከሆነ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የለም ማለት ነው። የዚያ ልጅ ቻርጀር ባለ ኧርዝ ነው፤ ስፒናው በጎንና በጎን የብረት መንኪያ አለው። የሰካበት ዲቫይደር ግን ሁሉንም ዓይነት ስፒና የሚቀበል፣ ቀዳዳ ብቻ ያለው ርካሽ ዲቫይደር ነው። የጎኑን ብረት የሚነካው ነገር የለውም። ስለዚህ ኧርዙ ስፒናው ላይ ቀረ። እንዲህ ሲሆን የላፕቶፑ ብረት የመብራቱን ግማሽ ገደማ ቮልቴጅ ይዞ ይንሳፈፋል። ጉልበቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ግን በጣታችሁ ስትዳብሱት ይነዝራል፣ በኬብሉ በኩል ደግሞ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። መፍትሄው የጎን መንኪያ ብረት ያለው ዲቫይደር ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ከኋላው እውነት የኧርዝ ሽቦ እንዳለው ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ያሳያችሁ። መንኪያው ኖሮ ሽቦው የሌለበት ቤት ሞልቷል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ኮምፒውተሩም ስፒከሩም ኧርዝ አላቸው፣ ግን የተሰኩት በተለያየ ሶኬት ነው። ያኔ በሁለቱ መካከል ሁለት መንገድ ይፈጠራል፤ አንዱ በግድግዳው የኧርዝ ሽቦ፣ ሌላው በድምፅ ኬብሉ። በዚህ ክብ ውስጥ ትንሽ ከረንት ይዞርና እምምም ይላል፤ ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህን ነው። ሁሉንም አንድ ጥሩ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር ከተያያዘ የዲሹን ኬብል ለአፍታ ነቅላችሁ ሞክሩ። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽም ሌላ የመሬት መንገድ ሊሆን ይችላል።

«ኧርዙን ቁረጠው፣ ዝም ይላል» የሚላችሁ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዝም ሊል ይችላል። ግን ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ የሚያድናችሁ ያ ኧርዝ ነበር። አትቁረጡ።

ከሳውንድ ካርድ ጋር፣ ማለትም ድምፅ ከሚያስገባና ከሚያስወጣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ካለ ሳጥን ጋር የምትሰሩ ከሆነ ባላንስድ ኬብል ግዙ። እንደ ማይክ ኬብል ባለ ሦስት እግር የሆነው ኤክስኤልአር፣ ወይም ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ቲአርኤስ። ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ገልብጦ ይልከዋል፤ ስፒከሩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ በመንገድ ላይ ሁለቱም ላይ እኩል የገባው ጉርምርምታ ይጠፋል። ቀዳዳውም ከሁለቱም በኩል ባላንስድ መሆን አለበት። ከላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን ይህን አትሞክሩ። ቀለበቱ ቢመሳሰልም እዚያ ያለው ግራና ቀኝ ነው። ስፒከሩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ መሃል ላይ ያለው የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋና ሙዚቃው ብቻውን ይቀራል። ኬብሉ የተበላሸ መስሏችሁ ስትለዋውጡ ትውላላችሁ።

ሽሽሽታው ሌላ ጉዳይ ነው። የኮምፒውተሩን ቮልዩም 20 ላይ አድርጎ የስፒከሩን እስከ ጥግ የሚከፍት ሰው አለ። ገልብጡት። ኮምፒውተሩን ወደ 80 ወይም 90 ከፍ አድርጉ፣ ስፒከሩን ዝቅ። አንዳንድ ስፒከር፣ ለምሳሌ ጄቢኤል 305ፒ ማርክ 2፣ ከጀርባው +4 እና -10 የሚል ማብሪያ አለው፤ +4 ጠንካራ ድምፅ ለሚልክ፣ -10 ደካማ ለሚልክ ዕቃ ነው። ሳውንድ ካርዳችሁ በቂ ጉልበት ካለው +4 ላይ አድርጉት። ጆሮ አስጠግታችሁ ብቻ የምትሰሙት ሽሽሽታ የጤና ነው፤ ተቀምጣችሁ ካልሰማችሁት እርሱት።

መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር የምትሰሩ፣ ጉርምርምታው ያኔ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኢንቨርተራችሁ ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ ግድግዳው ለስላሳ ሞገድ ያለው መብራት የሚሰጥ አይደለም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ኬብል ብትቀይሩ ብዙም ለውጥ የለውም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ የግራውንድ ሉፕ ማጥፊያ የሚባለውን ትንሽ ሳጥን በኦክሱ መሃል አስገቡ። ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ። ርካሹ ቤዙን ስለሚበላ፣ ስትገዙ የምታውቁትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ በሱ አልፎና ያለሱ አሰሙኝ በሉ።