ምዕራፍ ሦስት ውስጥ «2.4» ሲወጣ፦ የወርድ ቁጥር ችግርና መፍትሄ

የመመረቂያ ጽሑፍና ውል በመተየብ የምተዳደር ሰው ነኝ። በማይክሮሶፍት ወርድ «ቁጥሩ ተዘባረቀብኝ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ፋይል አብዛኛው ሕመሙ አንድ ነው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ቁጥሩ ብቻ ቀይ ወይም ደማቅ ከሆነ፦ ቁጥር መልኩን የሚወስደው ከአንቀጹ ማብቂያ ምልክት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን ተጭናችሁ ምልክቱን አውጡ፤ እርሱን ብቻ መርጣችሁ ቀለሙን መልሱ።

በቁጥሩ ቦታ ጥቁር ሳጥን ከተቀመጠ፦ ጠቋሚውን ከርዕሱ መጀመሪያ ፊደል ፊት አድርጉ፤ ሳጥኑ ግራጫ እስኪሆን በግራ ቀስት ሂዱ፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ፣ ቀጥሎ ሪአፕላይ።

አሁን ወደ ዋናው። ምዕራፍ ሦስት ተጀምሯል፤ ንዑስ ርዕሱ ግን «3.1» በመሆን ፈንታ «2.4» ብሎ ይቀጥላል። ምክንያቱ ወርድ ምዕራፍ ሦስት መጀመሩን አለማወቁ ነው። ባለቤቱ «ምዕራፍ ሦስት» የሚለውን በእጁ ጽፎ፣ አተልቆና አድምቆ መሐል ላይ አስቀምጦታል። ለዓይን ርዕስ ነው፤ ለወርድ ግን ተራ አንቀጽ።

ለማረጋገጥ አንዱን ቁጥር አንድ ጊዜ ንኩት። ግራጫ ጥላ ካረፈበት አውቶማቲክ ነው፤ በዚያው ዝርዝር ያሉ እኩዮቹም አብረው ይጠቁራሉ። ሳይጠቁር የቀረው ወይ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ወይ የሌላ ዝርዝር ልጅ።

አንድ ምሽት ነገ የሚያስረክብ ተማሪ መጣ። አማካሪው ምዕራፍ ሁለት ላይ አንዲት ንዑስ ርዕስ ጨምር ብለውታል። ቁጥሩ ሁሉ፣ ማውጫው ሳይቀር፣ በእጅ የተጻፈ ነው! እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጠን ለቀምነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ በእጅ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ አጥፉ፤ አለበለዚያ «2.1 2.1 መግቢያ» ይወጣላችኋል። የምዕራፍ ርዕሶችን በኮንትሮል፣ ኦልትና 1 ሄዲንግ 1 (ወርድ ርዕስ መሆኑን የሚያውቅበት ስታይል) አድርጓቸው፤ ንዑሶቹን በ2፣ ከዚያ በታች ያሉትን በ3። ከዚያ ጠቋሚውን የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ላይ አድርጋችሁ ከሆም ውስጥ መልቲሌቭል ሊስት፣ ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት፣ ሞር። ሌቭል 1ን ከሄዲንግ 1፣ ሌቭል 2ን ከሄዲንግ 2፣ ሌቭል 3ን ከሄዲንግ 3 ጋር በሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል እሰሩ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው፤ የሚመለስብኝም ለዚህ ነው።

«ምዕራፍ» የሚለውን ቃል በቁጥር መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ከግራጫው ቁጥር ፊት ጻፉ። ግራጫውን አትንኩ! አንዱ ደንበኛዬ አጥፍቶ በእጁ «1» ጻፈበት፤ ስድስቱም ምዕራፎች «ምዕራፍ 1» ሆነው ታተሙ። ምዕራፉን በሮማን ቁጥር ካደረጋችሁና ንዑሱ «III.1» ካለ፣ ሌቭል 2 ላይ ሊጋል ስታይል ነምበሪንግን ምረጡ።

ርዕስን በስፔስ አትግፉ። ከጓደኛ ፋይል ስትገለብጡ ኪፕ ቴክስት ኦንሊን ምረጡ፤ አለበለዚያ የእርሱ ዝርዝር ከነጣጣው ይገባል። በቀኝ ጠቅታ ኮንቲኒዩ ነምበሪንግ ማለትም መድኃኒት አይደለም፤ እዚህ ስትጠግኑት እዚያ ይቀደዳል።

ውል ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የኪራይ ውል ውስጥ «በአንቀጽ 7.2 በተመለከተው ቅጣት» የሚል በእጅ ተጽፎ ነበር። አንቀጽ 5 ሲሰረዝ ቅጣቱ ወደ 6.2 ወጣ፤ 7.2 ላይ የቀረው ስለ ቁልፍ ርክክብ የሚናገረው ነው። ማመሳከሪያን ከሪፈረንስ ውስጥ በክሮስ ሪፈረንስ አስገቡ፤ ከማተም በፊት ሁሉን መርጣችሁ ኤፍ 9ን ተጫኑ። የተመሳከረው አንቀጽ ተሰርዞ ከሆነ በቦታው «ኤረር» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይተካል፤ ፈልጋችሁ አርሙት። ማኅተም ካረፈበት በኋላ የታየ አንድ አውቃለሁ።