ስለ አክሽን፣ ፋንታሲና ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አስተያየት ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድን ፊልም አይቶ «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ማለት የማንኛውም ተመልካች መብት ነው፤ ይሁን እንጂ አስተያየቱ ለሌላ ሰው የሚጠቅመው በስክሪኑ ላይ የታየውን ሲያስረዳ ነው። በቅርብ ዓመታት ስለወጡ የአክሽን፣ የፋንታሲና የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በሚሰጡ አስተያየቶች ውስጥ ደጋግሜ የማገኛቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል፤ ይኸውም ፊልሙን ከፊልሙ ውጭ ባለ መለኪያ መመዘን ነው።

በጣም የተለመደው መለኪያ የፊልም ሃያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው የሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ መቶኛ ነው። ብዙ ሰው 90 በመቶ ያገኘን ፊልም በፈተና ከመቶ ዘጠና እንዳመጣ ተማሪ ይቆጥረዋል። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ከሃያስያኑ መካከል ስንቶቹ በጎ አስተያየት እንደሰጡ እንጂ ፊልሙን ምን ያህል እንደወደዱት አይደለም። በመሆኑም ሁሉም «ደኅና ነው» ብለው ያለፉት ፊልም 100 በመቶ ሊያገኝ ሲችል፣ ግማሾቹ በፍቅር ያበዱለትና ግማሾቹ የጠሉት ደፋር ሥራ ድረ ገጹ ካሰመረው የ60 በመቶ ወሰን በታች ወድቆ «የበሰበሰ» ይባላል።

ከዚህ የሚከፋው «በኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ አይረባም» የሚለው ፍርድ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ራሳቸው «ሁሉም በእውን የተቀረጸ ነው» እያሉ ስለሚያስተዋውቁ ተመልካቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» ተዋንያኑ በእውነተኛ የጦር ጄት ውስጥ ተቀምጠው መቀረጻቸው ብዙ ተወርቷል፤ እውነትም ነው፤ ያው ፊልም ግን በቪዥዋል ኢፌክት (በኮምፒውተርና በመሰል ዘዴ በሚቀናበር ምስል) ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ ነበር። በ2023 የወጣው የጃፓኑ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ደግሞ 610 ያህል ቅንብር ያለባቸውን ቀረጻዎች በ35 ባለሙያዎች አሠርቶ፣ ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ራሱ ቅንብሩን እየመራ፣ በዚያው ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። እንግዲያው ቅር የሚያሰኘን ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፦ ፍጡሩ መሬት ሲረግጥ ክብደት የለውም፣ ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ከአካባቢው ብርሃን ጋር አይገጥምም፣ ወይም ካሜራው የትኛውም እውነተኛ ካሜራ ሊሄድበት በማይችል መንገድ ይከንፋል። ይህን ለይቶ የተናገረ ሰው አንድ ነገር ነግሮናል፤ «ሲጂአይ (በኮምፒውተር የተሠራ ምስል) በዛበት» ያለው ግን ምንም አልነገረንም።

የአክሽን ትዕይንትን «ግርግር ነው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ የስንፍና ምልክት ነው። የቀረጻዎች ፈጣን መቆራረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር የእያንዳንዱ ቀረጻ ዋና ነገር በምስሉ መሐል እንዲያርፍ ስላደረገ፣ ዓይናችን ከቀረጻ ወደ ቀረጻ ሲሻገር ፍለጋ አይገባም፤ አርታዒዋ ማርጋሬት ሲክስልም በዚህ ሥራዋ ኦስካር አግኝታለች። የ«ጆን ዊክ» ፊልሞች ዳይሬክተር ቻድ ስታሄልስኪ በአንጻሩ፣ በ1999 «ዘ ማትሪክስ» ሲሠራ የዋናው ተዋናይ የኪያኑ ሪቭስ የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ተተኪ የነበረ ሰው እንደመሆኑ፣ ረጃጅም ቀረጻዎችን ይመርጣል፤ ተዋናዩ እንቅስቃሴውን በትክክል እንደሚሠራው ልናይ ይገባል ባይ ነው። ሁለቱ መንገዶች ተቃራኒ ቢሆኑም ማን የት እንዳለ አይጠፋንም፤ ልንጠይቀው የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን በተመለከተ «መጨረሻውን ገና በመጀመሪያ ገመትሁት» የሚለው ወቀሳ ከሁሉ ይበዛል። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ቀድሞ ማወቅ ጭንቀትን ሊጨምር እንደሚችል በግልጽ አስረድቷል፦ ሁለት ሰዎች እየተጫወቱ ሳሉ ከጠረጴዛው ሥር ያለ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ የአሥራ አምስት ሴኮንድ ድንጋጤ እናገኛለን፤ ቦምቡ እንዳለ ቀድመን ካወቅን ግን የአሥራ አምስት ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ስለዚህ ማወቃችን ጭንቀቱን ጨመረው ወይስ ገደለው ብለን ካልመረመርን፣ መገመታችን ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ራሳችን የሚነገር ነገር ነው።

በፋንታሲ ላይ «ይህ በእውነተኛው ዓለም አይሆንም» የሚል ክርክር መቼም ዋጋ የለውም፤ ፊልሙ ራሱ ያወጣውን ሕግ በኋላ ለጀግናው ሲል ሲጥስ ግን ወቀሳው ተገቢ ነው። ከመጽሐፍ ጋር የሚደረገው ንጽጽርም «ይህ ክፍል ተቀይሯል» በማለት መቆም የለበትም። ዴኒ ቪልኔቭ በ2024ቱ «ዱን፦ ክፍል ሁለት» የጀግናውን የፖልን ፍቅረኛ ቻኒን፣ እርሱ የተጠበቀው አዳኝ ነው የሚለውን ትንቢት የማታምን ሴት አድርጓታል፤ በመጽሐፉ ግን እንዲህ አልነበረችም። ለውጡ የነቢይነትን አደጋ በቅርብ ሰው ዓይን እንድናየው ስላደረገ፣ እኔ ከፊልሙ ብርቱ ውሳኔዎች አንዱ ነው እላለሁ።

ፊልምን ባስገባው ገቢ የመመዘንን ስህተት በአጭሩ ልለፈው፦ በ1982 ሲወጣ ገበያ ያጣው «ብሌድ ራነር» ዛሬ ከሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ይጠራል።

በመጨረሻ፣ ብዙዎች የማያስተውሉት ስህተት በገዛ ቴሌቪዥናችን ውስጥ አለ። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ግን እንቅስቃሴን ለማለስለስ በመሐል ራሳቸው የፈጠሯቸውን ምስሎች ይጨምራሉ፤ ውጤቱም ብዙ የተደከመበትን ትዕይንት በርካሽ ካሜራ የተቀረጸ ያስመስለዋል። ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ በ2018 ሰዎች ይህን እንዲያጠፉ የሚማጸን ቪዲዮ እስከ መልቀቅ ደርሰዋል። «ምስሉ የውሸት ይመስላል» ብለን ከመጻፋችን በፊት የቴሌቪዥኑን የምስል ማስተካከያ ከፍተን ይህ ማለስለሻ መጥፋቱን እናረጋግጥ።