የክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ተማሪን በቤት እንዴት መርዳት ይቻላል?

ልጁን ክላሲካል ወደሚባለው፣ የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የአስተማር ሥርዓት ወደሚከተል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግር የሚለው ነገር ብዙ ነው። ትንሹ ልጅ ትርጉሙን ገና በቅጡ ያልተረዳውን ግጥም በቃሉ ይወጣል፣ የላቲን ግስ እያዜመ ይመጣል፤ ታላቅ እህቱ ደግሞ የተነገራትን ሁሉ «ምክንያቱስ?» እያለች ትሞግታለች። ላቲን ያልተማረና ስለ አመክንዮ ሰምቶ የማያውቅ ወላጅ «እኔ ምን ልረዳ እችላለሁ?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። በእኔ እምነት ግን ይህ ትምህርት ከቤት የሚፈልገው ሁለተኛ መምህር ሳይሆን ታጋሽ አድማጭ ነው፤ የትምህርቱ ደረጃዎች ሁሉ በአንደበት የሚፈተኑ ናቸውና።

አስቀድሞ ሥርዓቱን መረዳት ይጠቅማል። የመካከለኛው ዘመን መምህራን ሰባት ነፃ ጥበባት ይሏቸው ከነበሩት መካከል ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ «ትሪቪየም» ተብለው በአንድነት ሲጠሩ፣ የቀሩት አራቱ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ ነበሩ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶረቲ ሴየርስ በ1947 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ባቀረቡት ንግግር ሦስቱን የቃል ጥበባት ከልጅ ዕድገት ጋር አያይዘው፣ ትንሽ ልጅ መሸምደድ፣ ከፍ ያለው መከራከር፣ ጎረምሳው ደግሞ የራሱን ስሜትና ሐሳብ መግለጽ እንደሚወድ አመለከቱ። ዛሬ ብዙዎቹ ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን በሰዋስው፣ በአመክንዮና በንግግር ጥበብ ሦስት ደረጃዎች የሚያደራጁት ይህን መሠረት አድርገው ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ የቤቱ ሥራ ቃል መስማት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ከማስጠናት ይልቅ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ መስማት ይበልጣል፤ አዲሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን ከወር በፊት የተያዘውንም እየመለሱ ይጠይቁ። መዝሙሩን ከመጀመሪያው ሲጀምር የሚወጣው፣ ከመካከሉ «ከዚህ ቀጥል» ሲባል ግን የሚጠፋው ልጅ ገና አልያዘውም። ሲደናቀፍ ቶሎ አይንገሩት፤ ጥቂት ጠብቀው የሚቀጥለውን ቃል የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ይስጡት። በቃል መያዝ ማሰብን ያደነዝዛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ልጅ በልቡ ያላኖረውን ነገር ሊያነጻጽርም ሆነ ሊመረምር አይችልምና። ሆኖም ከተያዘው ክፍል በየቀኑ አንዲት ቃል መርጦ «ይህ ምን ማለት ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም።

ላቲንን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ መሆንዎ ራሱ እርዳታ ነው። «ገበሬው ልጅቷን ይወዳል» የሚለው በላቲን «አግሪኮላ ፑኤላም አማት» ይባላል። ቃላቱን አዛውረው «ፑኤላም አግሪኮላ አማት» ቢሉ ወዳጁ ገበሬው መሆኑ አይለወጥም፤ እኛም «ልጅቷን ገበሬው ይወዳል» ስንል ማን ማንን እንደወደደ አይምታታብንም። በአማርኛ «ን» የምትሠራውን ሥራ በዚያ «ፑኤላ» ላይ የተጨመረችው «ም» ትሠራዋለች። ልጁ በስም እርባታ ሠንጠረዥ ሲሰለች ይህን ያሳዩት። ለግሱም «አሞ፣ አማስ፣ አማት፣ አማሙስ፣ አማቲስ፣ አማንት» የሚለውን በወረቀት ይዘው፣ «እንወዳለን» ሲሉት «አማሙስ» ብሎ እንዲመልስ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቁ ይጠይቁት። «ይወዳል» ቢሉትም «ትወዳለች» ቢሉትም መልሱ «አማት» መሆኑን ራሱ እስኪደርስበት ይተዉት።

አንዳንድ ወላጆች የሚሰጉት ልጆቻቸው የግሪክና የሮም ጣዖታትን ታሪክ ማንበባቸውን ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ራሱ በአቴና የተማረው ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በሰጠው ምክር ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል እንደማትሄድ፣ ከሄደችበትም ሁሉን ጠቅልላ እንደማትወስድ በምሳሌነት አንሥቷል። ስለዚህ መጽሐፉን ከመደበቅ ይልቅ ከንባቡ በኋላ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ስለ ግሪኩ የጦር ጀግና ስለ አኪሌስ ካነበበ፣ «አኪሌስ ከሁሉ አስበልጦ የወደደው ምንድን ነው? ቁጣውስ ወዳጁን ጳጥሮክሎስን ምን አስከፈለው? ይህን በወንጌል ብንመዝነው ምን እንላለን?» መልሱን አስቀድመው አያቀብሉት።

ሁለተኛው ደረጃ ለቤተሰብ እጅግ አድካሚው ነው። ልጁ የተሳሳተ ሙግት መለየትን ሲማር ልምምዱን የሚጀምረው በወላጆቹ ላይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ደንቦችን እመክራለሁ፤ አንደኛው፣ ማንም የሌላውን ሐሳብ ከመንቀፉ በፊት ያኛው «አዎን፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በራሱ ቃል መልሶ ይናገረው፤ ሁለተኛው፣ ክርክር መታዘዝን ለማዘግየት አይውል፤ መጀመሪያ ሥራው ይሠራ፣ ከዚያ ይከራከሩ። ቀላል ምሳሌ እያነሡም ይለማመዱ። «ዝናብ ከዘነበ ግቢው ይረጥባል፤ ግቢው ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚለው ሙግት ለምን እንደማይጸና ልጁ ያስረዳ፤ ውኃ ሰው ደፍቶትም ይሆናልና። ልጁ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ደግሞ «ረትተኸኛል» ለማለት አይፈሩ፤ እውነትን ከማሸነፍ በላይ የሚወድ ሰው ምን እንደሚመስል የሚያየው ከእርስዎ ነውና።

በመጨረሻው ደረጃ ተማሪው መጻፍና መናገር ይማራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የንግግር ጥበብ መምህር አፍቶንዮስ ያደራጃቸው 14 ልምምዶች ተረትን በራስ ቃል ከመተረክ ጀምረው ስለ ሕግ እስከ መከራከር ይደርሳሉ፤ በብዙ ክላሲካል ትምህርት ቤቶችም እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። በብዙ ቦታ ተመራቂው አንድ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ይከላከላል። ጽሑፉን አያርሙለት፤ ያ የእርሱ ሥራ ነው። ይልቁንም ከመከላከያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድመው ያለ ወረቀት ቆሞ እንዲናገር ያድርጉ፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሐሳቡን የሚቃወም ሰው ሆኖ ይጠይቀው፣ ሌላው ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም እንደማያውቅ ሰው ያልገባውን ሁሉ ያስደግመው። አድናቆትዎን የመጨረሻው ጥያቄ እስኪመለስ ያቆዩት፤ ከዚያም ካደነቁት ውስጥ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደነካዎ ለይተው ይንገሩት።